የጋሼ ፒካፕ ቁመት

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ ማታ

ተመስገን፣ አለፈች። የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ፒካፕ ዓመታዊ ምርመራዋን ዛሬ አለፈች፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። የወንድምን መኪና መመርመር ይከለከል እንደሆነ አለቃችንን ጠይቄው ነበር። ከመርማሪዎቹ ግማሹ እረፍት ላይ ስለሆነ «አንቺ ካልሠራሽው ማን ሊሠራው ነው» ብሎ ገላገለኝ።

ጋሼ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ቆሞ ነበር። መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አጥቦ፣ ጎማዋን ሳይቀር ቀለም ቀብቶ ሙሽራ አስመስሏታል። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከአንድ ጡረተኛ ከገዛት ገና አራት ወሩ ነው። መብራት ደህና፣ ፍሬን ደህና፣ ጭስ ደህና። ቁመቷን በሜትር ለካሁ፤ ከኋላ ጎማዋ መሐል ጎማውን እስከሚከድነው ፓራፋንጎ ጠርዝ። ከመሬት አይለካም፤ ትልቅ ጎማ የገጠመ ሰው ያታልላል። ሃምሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር መጣ። የመኪኖችን ልክ የያዘውን መጽሐፍ ብገልጥ ፋብሪካው ያወጣት በሃምሳ ሁለት ነው። ዝንፍ አላለችም። እንግዲህ ከፍ አልተደረገችም ማለት ነው። ዘንድሮ ፒካፑን ከፍ የማያስደርግ የለም፤ ጎማዎቹን በያዘው አክስልና ጭነት በሚሸከመው ባሌስትራ መሐል ብረት ደርበው ቁመት ይጨምሩላትና ኩርባ ላይ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ቁመት የምንለካው ለዚህ ነው።

የቅጹ ዘጠነኛ መስመር «ከስር ታይቷል» ይላል። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ሽቅብ ማየት ነው። ጉድጓዱ ውሃ አቁሮ ስለነበር አልወረድኩም። ቁመቷ ልክ ከሆነ ከስር ምን ሊገኝ ነው? ፈረምኩ።

ጋሼ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። በዚህ ወረቀት ተራራው ላይ ያለው የድንጋይ ካባ ሠራተኞቹን እንዲያመላልስለት ይዋዋለዋል። ስምንት ሰው ከኋላ። ከፊት ደግሞ ልጄ፤ እዚያው የሚዛን ጸሐፊ ሆና ሰኞ ትጀምራለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። አጎቷ ወስዶ ከመለሳት እኔ ምን እሻለሁ?

ጆሮ በአጠገባችን ሲያልፍ «ለዕድሜዋ ቀጥ ብላለች» አለ። ጆሮ የምንለው የሥራ ባልደረባዬን ነው። የሞተርን ሕመም በጆሮው ብቻ ይለያል፤ ሐሜትም አያመልጠውም። ሳቅንለትና አለፈ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

ቸኩያለሁ። ለዕድሜዋ ቀጥ ብላለች። ምን ለማለት ፈልጎ ነው? ጆሮ ዝም ብሎ የሚናገር ሰው አይደለም።

ዛሬ የጋሼ ፒካፕ እኩያ መጣች፤ ያው ሥሪት፣ ያው ዓመት። ለካኋት። አርባ ሰባት። ከመጽሐፉ አምስት ሴንቲ ታንሳለች። የሲሚንቶ መኪና ናት፣ ጀርባዋ ቢጎብጥ ምን ይገርማል። የጋሼ ግን በጥንቁቅ ሰው እጅ የኖረች ናት። ጡረተኛው ከገበያ በቀር የትም አልሄደባትም አሉ።

ደግሞ ማክሰኞ ሰልፉ ዋናው መንገድ ደርሶ ነበር። ለእያንዳንዱ መኪና ጉድጓድ ብወርድ ኖሮ እስከ ዛሬም ባልጨረስኩ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ልጄ ሥራ ጀመረች። ሰማያዊ ሸሚዟን ሁለት ጊዜ ተኮሰችው። ጋሼ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች።

ማታ ስትመለስ ሚዛኑ ቤት ያለችውን ድመት፣ አለቃዋን፣ መዝገቡን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ደስታዋ ለእኔም ተረፈ። በመሐል ላይ፣ የአጎቷ መኪና በጣም ረጅም ስለሆነች ለመውጣት እንደተቸገረች፣ እሱም የለስላሳ ሣጥን አምጥቶ መርገጫ እንዳደረገላት እየሳቀች አወራችኝ። እኔም ሳቅሁ። ፒካፕ መቼም ረጅም ነው። እሷ ደግሞ ቁመቷ ወደ እኔ ነው ያደላው።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

አበዛሁት መሰለኝ። ከትናንት ወዲህ የዚያ ሥሪት ፒካፕ በመጣ ቁጥር ሜትሬን ይዤ እሮጣለሁ። አንዱ አርባ ስምንት። አንዱ አርባ ስድስት ተኩል። አንዱ አርባ ሰባት። የመጨረሻው ሰውዬ የመጣው ለመብራት ብቻ ነበር። «እመቤት፣ ልብስ ልታሰፊላት ነው?» ብሎ አሾፈብኝ። አለቃችን በመስኮት ያየኝ ነበር። ምን እያደረግሽ ነው አለኝ። ለራሴ ጥናት ነው አልኩት። ከሃያ ዓመት ሥራ በኋላ ጥናት! ወይ እኔ!

እንግዲህ ልጻፈው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን አሮጌና አዲስ ባሌስትራ ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሳዩን ነበር። አዲሱ ወደ ላይ ጎበጥ ያለ ነው፤ ሸክም ባየ ቁጥር ይለጠጣል፣ ከዓመታት በኋላ እንደ ጣውላ ቀጥ ይላል፤ መኪናዋም አብራው ትወርዳለች። ስለዚህ የሃያ ዓመት መኪና የመጽሐፉን ቁመት ይዛ ከተገኘች መጽሐፉን ዘግታችሁ ከስሯ ግቡ ይሉን ነበር። ዕድሜ ያወረዳትን ሌላ ነገር ካላነሳት በቀር እዚያ ልትቆም አትችልም። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ አዲሲቷ ነው።

ይህን እያወቅሁ ሃምሳ ሁለትን ሳይ ደስ አለኝ።

ግን እኮ ጡረተኛው አዲስ ባሌስትራ አስገብቶላት ሊሆን ይችላል። ይችላል። ለምን አይችልም?

ሰኔ 15፣ እሑድ

ጋሼ ቤት ምሳ ተጠራን። ሥራ በመያዙ ቤቱ ሞቅ ብሏል፤ ሚስቱ አዲስ መጋረጃ ሰቅላለች። እኔ ግን ከገባሁ ጀምሮ ልቤ ግቢው ውስጥ ከቆመችው ፒካፕ ጋር ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ምግቡ ሲል እጄን ልታጠብ ብዬ ወጣሁና ተንበረከክሁ።

ከስሯ ጭቃ በጭቃ ናት። የካባው መንገድ በሳምንት ይህን ያህል ይለጥፋል ብዬ አላስብም ነበር። ከኋላ አክስሉና ባሌስትራው መሐል አንድ አራት ማዕዘን ነገር አለ። የደረቀ ጭቃ ይሆናል። ጭቃም አራት ማዕዘን ሆኖ ሊደርቅ ይችላል። ሁለቱን አቅፈው የያዙት ብሎኖች ደግሞ ከሚያጠብቃቸው ዳዶ አልፈው ረጅም ሆነው ወርደዋል፤ ዝገት የሚባል ነገር የለባቸውም፣ ያብረቀርቃሉ። ዝገት የሌለው ብሎን መቼም ጥሩ ነገር ነው።

የጋሼ ሚስት ልብስ ልታነሳ ወጥታ በጉልበቴ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ። ጉትቻዬ ወድቆ ነው አልኳት። ምስኪን፣ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከችና አብራኝ መፈለግ ጀመረች። ሁለቱም ጉትቻዎቼ ጆሮዬ ላይ ነበሩ። አየቻቸው አላየቻቸው አላውቅም። አፍሬ መሬት ልገባ ምንም አልቀረኝ።

ከምሳ በኋላ ጋሼን ለብቻው ላገኘው ዳር ዳር ስል እሱ ቀደመኝ። መስታወቱ ላይ የለጠፈውን የእኔን ወረቀት እያሳየኝ፣ «ሠራተኞቹ መጀመሪያ ቀን ይቺን አሮጌ አንሳፈርም ብለው ነበር። እኅቴ ናት የመረመረቻት ስላቸው እየተጋፉ ወጡ» አለኝ።

ይህ ሰው ለእኔ ሲል ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ሲያጥብ ያደገ ነው። እሱ በዘይት በተለወሰ እጁ በሚያመጣት ሳንቲም ነው ቴክኒክ ትምህርት ቤት የገባሁት። አሁን ምን ብዬ ልጠይቀው? ብጠይቀው መልሱን ይነግረኛል። የፈራሁት መልሱን ነው።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ።

ልጄ አርባ ደቂቃ ዘግይታ ገባች። አርባውንም ደቂቃ በሩ ላይ ቆሜ ጨረስኩት። ምን ሆንሽ ስላት ምንም፣ ቁልቁለቱ ላይ ቀስ ብለን ስለወረድን ነው አለች። ኩርባው ጋ ሲደርሱ መኪናዋ ወደ ገደሉ አዘንብላ፣ ከኋላ ያሉት ሰዎች በአንድ ላይ ጮኸው፣ ከዚያ ሁሉም እንደሳቁ ነገረችኝ። እሷም ሳቀች።

ከነገ ጀምሮ በሌላ መኪና ሂጂ አልኳት። እዚያ የሚወጣ ሌላ መኪና የለም አለችኝ። እንግዲያው ሥራው ይቅር አልኳት። ጉድ ፈላ! ተኮራረፍን። እናቴ ምን ነካት፣ ራሷ ሥራ ፈልጊ ብላ ስትጨቀጭቀኝ ከርማ፣ ደግሞ አጎቴን ምን ልበለው፣ አለች። በመጨረሻ ኮስተር ብላ፣ «መኪናዋን ከስር አይተሻታል አይደል?» አለችኝ።

«እንዴታ» አልኳት።

እንዴታ አልኳት። በዚህች አፌ።

ሰኔ 20፣ ዓርብ፣ ጠዋት

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጥሩምባው ተነፋ፣ ልጄ ኩርፊያዋን ይዛ ወጣች፣ እኔም በመስኮት አየሁ። ሲነሱ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነው ያየሁት።

አንድ ነገር ላርም። በምርመራው ማክሰኞ ለት ጉድጓዱ ደረቅ ነበር። ውሃ የያዘው ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ሰልፍም ቢሆን ያን ያህል አልነበረም። ጉልበቴን ያመኛል፣ ጉዳዩ ይኸው ነው። ደረጃው ስድስት መርገጫ ነው፣ መውጣቱ ነው የሚገድለኝ።

ትናንት ጆሮን በጨዋታ አስመስዬ ጠየቅሁት፦ ያቺ የወንድሜ ፒካፕ ቀጥ ብላለች ያልከኝ ምን ማለትህ ነው? ትከሻውን ነቀነቀ። ሲያልፍ ከኋላዋ የላላ ብረት ሲንቋቋ ሰምቶ እንደነበር፣ እኔ ከስሯ ወርጄ ካየሁ ግን እሱ ምን አግብቶት እንደሚናገር ነገረኝ። እኔ ስፈርም ሁሉም ዝም ይላል።

ነገ ቅዳሜም ይሠራሉ። እሑድ እሄዳለሁ። እሑድ የግድ።

ሰኔ 22፣ እሑድ ከሰዓት

ቸኩዬ ስለምጽፍ ጽሑፌ አያምርም፤ ማን ያነበዋል ደግሞ።

ቱታዬን ለብሼ ነው ጋሼ ቤት የሄድኩት። ገና ከበሩ ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ። ክሪክ አምጣ አልኩት። ለምን አላለኝም። የመኪናዋን አካል በክሪክ አንስተን የኋላ ጎማዎቿን አየር ላይ አንጠለጠልናቸው፤ ኩርባና ጉድጓድ ላይ እንደሚንጠለጠሉት። ጋሼ ድንጋይ ደገፈላትና በጀርባዬ ተኝቼ ገባሁ። ጭቃውን በመፍቻ ፈቅፌ አነሳሁት። አራት ማዕዘኑ ብረት ነው። ሦስት ጣት የሚሆን የብረት ጉማጅ፣ በሁለቱም በኩል፣ በብየዳ የተያያዘ። አንዱ ብሎን ላልቶ በእጄ ይዞራል።

ይህ ሁሉ እኮ ይጠገናል። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ፍሬን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ ያው የድሮው ነው። መኪናዋ ከፍ ስትል እሱን የሚያስረዝምለት ሰው አልነበረም። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሮ፣ መሐሉ ላይ ተሰነጣጥቋል። ጣቴን ሳሳርፍበት ረጠበ። የፍሬን ዘይት ነው። አሁን አሁን ማንጠብጠብ ጀምሯል። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ፣ ዘጠኝ ሰውና ጋሼን እንደያዘች፣ ሊበጠስ ነበር።

ጋሼን ጠርቼ አሳየሁት። ጎኔ ተኝቶ በጣቱ ነካካው። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። የካባውን መንገድ ሊሞክር ሲወጣ ሆዷ ድንጋይ እየነካ አስቸገረው፤ ባሌስትራው ደክሟል። አንድ ብየዳ ሠሪ በግማሽ ቀን ሥራ ከፍ አደረገለት። ቱቦውስ ሲለው ይበቃል አለው። ጋሼ ግን ልቡ አልረጋም። ሁለት ቀን አስቦ አስቦ ወደ እኔ መጣ።

«ለዚህ ነው ከስሯ ጭምር አጥቤ ያመጣሁልሽ» አለኝ። «በደንብ እንድታዪያት። የሚያሰጋ ነገር ካላት እኅቴ አታሳልፋትም አልኩ። ስታሳልፊያት ተኝቼ አደርኩ።»

እኔ ሃምሳ ሁለትን አምኜ፣ እሱ እኔን አምኖ፣ ስምንቱ ሰዎች እሱን አምነው፣ ልጄ ሁላችንንም አምና። ማንም አላየም ነበር። መኪናው ስር እንደተኛሁ አለቀስኩ። ጋሼ ወጥቶ ቁልፉን አመጣልኝና እጄ ላይ አስቀመጠው። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ በተሻለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት። ነገ እንደማይሄዱ፣ ለምን እንደማይሄዱ። ሸሚዟን እየተኮሰች ነበር፤ ካውያውን ነቀለችው። «አታውቂም ነበር ወይስ አላየሽም?» አለችኝ። ሁለቱ ምን እንደሚለያያቸው ሳስብ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን እንኳ አላላተመችውም።

ሰኔ 23፣ ሰኞ፣ ከቢሮ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አለቃችን ቢሮ ገባሁና ወረቀቱን ሰርዝልኝ አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። በሩን ዘጋና፣ በድጋሚ ምርመራ የተገኘ ጉድለት ብለን እንጽፈዋለን፣ ማንም አይጠይቅሽም፣ ለወንድም መራራት ያለ ነው አለኝ። ልቤ በአንዴ ዘና አለ። የገዛ ልቤን ታዘብኩት።

በዚህ መሐል ጋሼ መጣ። ያቺን ፒካፕ በተጎታች አስጭኖ፣ ኮቱን ለብሶ። ኮቱን የሚለብሰው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ቁጭ በል ሳይሉት ጀመረ። ጥፋቱ የእሱ ነው አለ፤ እኔ ጉድጓድ ልወርድ ስል አትውረጂ፣ ሥራዬ ይበላሻል ብሎ እግሬ ላይ ወድቆ ለምኖኛል። እኔም ለእሱ ብዬ ነው ዓይኔን የጨፈንኩት። ይህን ሁሉ ውሸት እያላበው ተናገረ። ጋሼ ውሸት አይችልበትም፤ ግንባሩን ያየ ሁሉ ያውቅበታል። አለቃችን ግን ሊያምነው ፈልጓል፤ እኔም ፈልጌአለሁ። ታሪኩ ያምራል። ለወንድሟ ስትል የተሳሳተች እኅት።

ዝም ብል ያበቃ ነበር።

«አልለመነኝም» አልኩ። «ጋሼ፣ ለአንተ ብዬም አይደለም። የማንም መኪና ቢሆን አልወርድም ነበር።»

ጋሼ አየኝ። ትናንት መኪናው ስር እንኳ እንደዚያ አላየኝም። በውሸቱ ውስጥ ሊያድናት የፈለገው ያችን እኅቱን ነበር መሰለኝ፣ ለእሱ ስትል የምታጠፋውን። እሷንም ወሰድኩበት።

አለቃችን በጣም ቀስ ብሎ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከጥር አልኩት። ጉልበቴን ማመም የጀመረኝ ጥር ላይ ነው። መጀመሪያ ያመንኩትን መኪና ብቻ እያልኩ ተውኩ፣ ከዚያ አዲስ አዲሱን፣ ከዚያ ሁሉንም። ዘጠነኛውን መስመር ገና ሰውየው መኪናውን ሳያቆም የምፈርምበት ቀን ነበር። ሌሎቹ መርማሪዎችስ አለኝ። ስለ ሌሎቹ እነሱ ይናገሩ አልኩት። በመስኮት በኩል ጆሮ ቀና ብሎ ሲያየን አየሁት፤ ወዲያው አቀረቀረ።

የቅጂዎቹ ሣጥን ወጣ። ከጥር እስከ ሰኔ፣ የእኔ ፊርማ ያለበት ሁሉ። ጋሼ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለና ወረቀቶቹን በየወራቸው ይለይልኝ ጀመር፤ እስካሁን አላናገረኝም፣ ግን አልሄደም። እኔ እደውላለሁ። መኪናዎትን አያንቀሳቅሱ፣ እንደገና ላያት ነው፣ እላለሁ። አንዱ ሰደበኝ። አንዷ አመሰገነችኝ፤ እሷ ባሰችብኝ።

አሁን የያዝኩት የየካቲት ነው። አሮጌ ሚኒባስ፣ ቁመቷ ከመጽሐፉ ጋር ልክ ነው፣ በእጄ ጽፌዋለሁ። ባለቤቱ የሕፃናት መዋያ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ልጆቹ የሚመለሱበት ሰዓት ነው።